ሳይደውል የሚመጣ ሰው

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጀርመን የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ብርዱ ነው። ከዚያ ስለ ምግቡ፣ ከዚያ ስለ ቋንቋው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ፍራንክፈርት ዓመታት ኖሬ፣ ብርዱን ለምጄው፣ ጤፉም እንደ ልብ እየተገኘ፣ ዛሬም ድረስ ያልለመድኩት አንድ ነገር አለ። የቤቴ ደወል ዝም ብሎ አይጮህም። ከጮኸ ወይ ፖስተኛ ነው፣ ወይ ቀድሜ የተነጋገርኩት ሰው ነው። ሳይደውል፣ ሳይጽፍ፣ "በዚሁ ሳልፍ ብቅ ልበል ብዬ ነው" የሚል ሰው የለም።

ያደግኩት ጉለሌ ነው። የግቢያችን በር ቀን ቀን አይቆለፍም ነበር። "ቤቶች!" ይባላል፣ መልስ ሳይጠበቅ ይገባል። እናቴ ቡና ስታፈላ አንዳችንን ትልክና ጎረቤቱን ታስጠራለች። ምሳ ላይ የደረሰች ሴት "አማትሽ ትወድሻለች!" ተብላ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ለምን መጣሽ የሚባል ነገር የለም። ጥያቄ የሚነሳው እንዲያውም ሰው ሲቀር ነው። ሁለት ሦስት ቀን ካልታየሽ "ምነው ጠፋሽ? አኮረፍሽን እንዴ?" ትባያለሽ።

እዚህ ሕንፃችን ውስጥ የየቤቱ ቁጥር የሚባል የለም፤ ደወሉ አጠገብ የሚለጠፈው የቤተሰብ ስም ነው። ፖስታውም፣ ዕቃ አድራሹም፣ አምቡላንሱም የሚያገኝሽ በሱ ነው። የኛ ደወል ላይ ሁለት ስም አለ፣ የኔ አባት ስምና የባለቤቴ አባት ስም። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሁለት ቤተሰብ አንድ ቤት የተጋራ መስሏቸው ነበር። ሚስት የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር ሳስረዳቸው ገረማቸው፣ ከዚያ ግን ደስ አላቸው። በስማችን ካወቁን ቆይተዋል። ቤታችን የገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም በቀጠሮ።

ቀጠሮው ለሐኪምና ለቢሮ ብቻ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ብዙ የጀርመን ቤት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ ረድፍ ያለው የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል። የእናት፣ የአባት፣ የልጅ፣ አንዳንዴም የውሻው። ልጄ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ልትጫወት ስትፈልግ እኔና የልጅቷ እናት ስልክ ተጻጽፈን፣ የውኃ ዋናውና የሙዚቃ ትምህርቱ ታይቶ፣ የሚመጣው ሳምንት ሳይሆን የዚያ የሚቀጥለው ሐሙስ ይያዛል። እኔ በሷ ዕድሜ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለመጫወት ያስፈለገኝ አጥር ሥር ቆሞ መጥራት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰን የልደት ጥሪ ወረቀት ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይል ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና "እንግዳ የሚወጣበት ሰዓት ይነገረዋል?" አለኝ። በጣም ነው የደነገጠው። በኛ ቤት እንግዳ "እንግዲህ ልሂድ" ሲል "ምን አስቸኮለህ፣ ገና መጣህ" ይባላል፤ ተነስቶ በር ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይወራል፤ ከዚያ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ይሸኛል። ዛሬ ግን ያንን የመጨረሻ ሰዓት ወድጄዋለሁ፣ ይህን ስል ከልቤ ነው። የባለልደቱ እናት መቼ ቁጭ እንደምትል ታውቃለች። እናቴ ይህን አውቃ አታውቅም ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር ጀበናው ይጣዳል፣ እንጀራ ይቀርባል፣ ማታ እግሯን በሙቅ ውኃና በጨው ስትነክር አስታውሳለሁ። ሳይጠራ የሚመጣው እንግዳ ደስታውን ለቤቱ ሁሉ ሲያመጣ፣ ልፋቱን ለአንዲት ሴት ነበር የሚያመጣው። እኛ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ስናወራ ይህቺን ነገር ብዙ ጊዜ እንዘላታለን።

ስለ ምግብም ትንሽ ልበል። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጣ። ዶሮ ሠርቼ ነበር። እዚህ አገር ልጅ ሲያድግ የተሰጠህን ጨርስ ተብሎ ነው፤ ሳህን ባዶ ሲሆን ምግቡ ጣፍጦታል፣ ጠግቧል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊቱ ያለው ካለቀበት እንግዳው ገና አልጠገበም። ሰውየው በጨዋነት ጨረሰ፣ እኔ በጨዋነት ጨመርኩ። እንደገና ጨረሰ። "በሞቴ" እያልኩ ሌላ እንቁላል አኖርኩለት። ሦስተኛው ላይ ፊቱ ቀልቶ ወደ ባለቤቴ ዞረና በጀርመንኛ አንድ ነገር አንሾካሾከ። "ትንሽ ተውለት፣ ያኔ ታቆማለች" አለው ባለቤቴ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ለትምህርት የመጣች ሰሞን ተቃራኒው ደረሰባት። የክፍል ጓደኛዋ ቤት ለራት ተጋበዘች። ትንሽ ቀምሳ "ልጨምርልሽ?" ስትባል "አመሰግናለሁ፣ በቃኝ" አለች፣ ያደገችበት ነውና። ድስቱ ተነሳ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። "አክስቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ የጠየቁኝ" አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ያሳዘናት ረሃቡ አልነበረም። የወደዷት አልመሰላትም።

እኔ ግን እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ወደዋታል። እዚህ ሰውን ማክበር ማለት አፉ ያወጣውን ማመን ነው። በቃኝ ካለ በቅቶታል። አልመጣም ካለ አይመጣም። ብቻዬን ልሁን ካለ ብቻውን ይተዋል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "በቃኝ" ወግ ነው፤ እውነተኛው መልስ የሚገኘው ሁለት ሦስቴ ከተለመነ በኋላ ነው። ለዚህ ነው አዲስ የመጣ አበሻ እዚህ አገር ብዙ ነገር የሚያመልጠው። ሥራ ቦታ "ልናግዝህ?" ሲሉት "አይ፣ እችለዋለሁ" ይላል፤ ያምኑትና ይሄዳሉ። እሱ ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው ብሎ ለዘመዱ ይደውላል። አዲስ ለሚመጣ ሰው ከጀርመንኛው በፊት የምነግረው ይህንን ነው፤ የምትፈልገውን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተናገር፣ ሁለተኛ ጥያቄ ላይመጣ ይችላል።

ባቡር ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት ግን እስካሁን ይከብደኛል። "እንብላ" የሚል የለም። እኔ ራሴ ዳቦዬን ከቦርሳዬ ካወጣሁ አጠገቤ ያለውን ሰው ሳላየው መጉረስ አልችልም። ስለዚህ አልበላም፣ ቤቴ እስክደርስ እጠብቃለሁ።

በሩን የዘጋው ባህል ብቻ አይመስለኝም። ብርሃኑም አለበት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ክረምት ከበጋ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ሰዓት አቆጣጠራችንም የተሠራው በዚያች ፀሐይ ነው። ፍራንክፈርት ታኅሣሥ ላይ የምትነጋው 2 ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፣ ገና 10 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ሰኔ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። በሩን ከፍቶ ደጃፍ ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር ለወራት አይታሰብም፤ ሰው ያለው ውስጥ ነው፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ። ሰኔ ሲገባ እነዚያው ጎረቤቶቼ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው፣ ሥጋ እየጠበሱ፣ "ነይ ተቀመጪ" ይሉኛል። ያኔ ቀጠሮ የለም። ሰው የማይወዱ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እናቴ ይህ የሰዓት ነገር አልገባ ብሏታል። በፈረንጆቹ መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ሲቀየር ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት አንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዴ ሁለት ሰዓት ይሆናል። "ደግሞ ቀየራችሁት? ፀሐይዋን ማን አዘዛት?" ትለኛለች። ለነገሩ እሷ ሰዓት አይታ አትደውልም። ስትናፍቀኝ ትደውላለች፣ ስብሰባ ላይ ሆንኩም አልሆንኩም። ባልደረቦቼ "አደጋ ደረሰ እንዴ?" ይሉኛል። እናቴ ድምፄን ልትሰማ ፈልጋ ነው፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ እሁድ ነበር። እሁድ እዚህ ሱቅ ዝግ ነው፣ እንደ ባቡር ጣቢያና ለጥቂት ሰዓት እንደሚከፈት ዳቦ ቤት ካሉት በስተቀር። ግድግዳ መብሳት አይቻልም። ባዶ ጠርሙስ ወስዶ የመንገድ ዳር የጠርሙስ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጣል እንኳ ክልክል ነው፣ ድምፅ አለውና። የእሁድ ዕረፍት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የቫይማር ሕገ መንግሥት ላይ የገባው አንቀጽ በ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ ተወስዶ ዛሬም ይሠራል። እኔ ያደግኩበት እሁድ ሌላ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ከሰዓት የሠርግ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፣ መንገድ ዘግቶ የለቅሶ ድንኳን ይተከላል። እኛ ሰፈር ድምፅ የማይሰማበት ቤት ሰው የታመመበት ቤት ነው። እዚህ መጀመሪያ ሰሞን እሁድ እሁድ ልቤ ይፈራ ነበር፣ መስኮት ከፍቼ ሰው ፍለጋ አይ ነበር።

ቆይቼ ግን የሚሆነውን አየሁት። ከላያችን የምትኖረው አሮጊት ጎረቤታችን ሳምንቱን ሙሉ ከኛ ልጆች ጩኸት ጋር ትኖራለች፣ አንድ ቀን ተናግራን አታውቅም። እሁድ ከሰዓት ግን ትተኛለች፣ እኛም እናውቃለን፣ ልጆቹን ይዘን ማይን ወንዝ ዳር እንወጣለን። ዝም ማለታችን ስጦታችን ነው። እሷም በኛ ላይ ሬዲዮ አታስጮህም። ተቀምጠን ቡና ሳንጠጣ፣ ስለ ቤተሰብ ሳንጠያየቅ፣ አንቱ እየተባባልን፣ እንዲህ ተሳስበን መኖራችን አሁን አሁን ይገርመኛል።

ሁለተኛ ልጄን መውለዴ ሌላ ነገር አስተማረኝ። አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም። እናት ትመጣለች፣ እህት ትመጣለች፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ይጎርፋል። እዚህ የመጣችልኝ አዋላጅ ነርስ ናት። የጤና መድኅኑ ይከፍላታል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያም ራቅ ራቅ እያለች እስከ 12 ሳምንት ድረስ መምጣት ትችላለች። ልጁን መዘነች፣ እትብቱን አየች፣ ጡት አያያዙን አስተካከለች፣ እኔንም "እንቅልፍ አገኘሽ ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቷን ጠብቃ መጣች፣ ሰዓቷን ጠብቃ ሄደች። በጣም ነው የረዳችኝ። አክስቶቼ የማያውቁትን ታውቃለች፣ እውነት ነው። ግን በሩን ዘግታ ስትወጣ ቤቱ እንደገና ጭር ይላል፣ ልጁን አቅፌ እኔና ግድግዳው እንተያያለን። አገር ቤት ጎረቤት በፍቅር የሚሠራውን እዚህ ሥርዓቱ በደሞዝ ይሠራዋል፣ በሚገባም ይሠራዋል። አብሮ መዋሉን ግን ሥርዓቱ አያመጣውም።

አባቴ ያረፈው የካቲት ላይ ነው።

ባለቤቴ የሰማው ቅዳሜ ማታ ነበር። ወንድሜ የደወለው ለሱ ነው፤ መርዶ ለሐዘንተኛው በስልክ አይነገርም፣ በማታም አይነገርም። ራት አብረን በላን። ልጆቹን አስተኛ። እኔ ከተኛሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ለወዳጆቻችን አንድ በአንድ ደወለ፣ ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ ዘመድ እንዳይኖርም አገር ቤት ደውሎ ለመነ። ስልኬን ደብቆት ነበር፣ ይህን በኋላ ነው ያወቅኩት።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ገና ጨለማ ነው። ጀርመን ውስጥ እሁድ በዚያ ሰዓት ደወል የሚደውል ሰው የለም። ገባኝ። በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከማይንዝ ከተማ ሌሊት ተነስታ የመጣች ሁሉ አለች። ማንም ቃል አልተናገረም። ጮህኩ። እነሱም አብረውኝ ጮሁ። በዚያ ዝም ባለ ሕንፃ፣ በዚያ ዝም ባለ እሁድ።

ጎረቤታችን ካፖርት ደርባ ወረደች። ባለቤቴ በሩ ላይ በሁለት ቃል ነገራት። እኔን አየችኝ፣ ሴቶቹን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተመልሳ ወጣች። ከኛ ሰዎች አንዷ ተቆጣች፣ "ጎረቤት ሆና ገብታ እንኳ አትቀመጥም?" አለች። በዚያ ሰዓት እኔም የተቆጣሁ ይመስለኛል።

ሦስቱን ቀን አንድ ነገር በእጄ አልሠራሁም። ንፍሮ ቀቅላ የመጣች አለች፣ ውኃ በካርቶን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ አለ፣ ልጆቼን ቤቷ ወስዳ ያሳደረች አለች። ሌሊት ብቻዬን እንዳልሆን ተራ ገብተው ሳሎን ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። ለመሥሪያ ቤቴ የደወለው ባለቤቴ ነው፤ ለወላጅ ሞት 2 ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። ሠልስት እንኳ አልሞላም።

ማክሰኞ የፖስታ ሣጥናችን ውስጥ ዳሩ ጥቁር የሆነ ካርድ ተገኘ። ጎረቤታችን በእጅ ጽፋዋለች። ልትረብሸኝ እንደማትፈልግ፣ የፈለግኩ ዕለት ደወሏን ብደውል ቤት እንዳለች ነው የሚለው። ሌላም ነገር ነበር። የደረጃ ጽዳት በየሳምንቱ በተራ ነው፣ ባለተራው በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። የዚያ ሳምንት ተረኛ እኛ ነበርን። ያ ሁሉ ሰው በጭቃ ጫማ የወጣ የወረደበትን ደረጃ ከላይ እስከ ታች አጥባ፣ ሰሌዳውን ከኛ በር አንስታ ለሚቀጥለው ሰቅላዋለች። ማንም አላያትም።

ከአርባው በኋላ ደወልኩላት። ቡናና ኬክ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲቆጣ ምን ይል እንደነበር። ለቅሶ ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ያኔ ሰው የመጣው አብሮኝ ሊያለቅስና ሊያስረሳኝ ነው። እሷ ባሏን ከቀበረች ብዙ ዓመቷ ነው። ያኔ ማን መጣልዎት አልኳት። ካርድ ብዙ እንደደረሳት ነገረችኝ፣ "እኔ ግን ለማንም አልደወልኩም" አለችኝ።

ይሄው ነው የኔ ጭንቀት። ሐዘንተኛ ደውሎ ኑልኝ አይልም። አቅም የለውም። በጀርመኑ ሥርዓት በሩ ሁልጊዜ አለ፣ የሚደውለው ግን የተቸገረው ሰው መሆን አለበት፤ በኛ ወግ የመድረሱ ግዴታ በሌላው ላይ ነው፣ የተቸገረው በሩን መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለልደትም፣ ለራትም፣ ለልጆች ጨዋታም ቀጠሮውን እቀበላለሁ። ለሐዘን አልቀበልም። ሰሞኑን የኛው ሰዎች "ለቅሶ ልንደርስ ነበር፣ መቼ ይመችሻል?" ብለው ለሐዘንተኛዋ መልእክት ሲልኩ አያለሁ። በጨዋነት ነው የሚያደርጉት፣ አገሩ ያስተማራቸው ነው። ያቺ ሴት ግን ስልኳን አይታ "አይ፣ አትቸገሩ፣ ደህና ነኝ" ትላለች፣ የመጀመሪያው መልስ ነዋ። እነሱ ደግሞ ጀርመን ቆይተዋልና ያምኗታል።

በኛ የወዳጅ ቡድን ውስጥ ይህን አንስተን ተነጋግረናል። ለሐዘንተኛና ለአራስ ለራሷ አይደወልም፤ ለባል ወይም ለቅርብ ሰው ይደወላል፣ ከዚያ ይኬዳል። ማን ምግብ እንደሚይዝ አንድ ሰው ይመዘግባል፣ ወጡ ሁሉ በአንድ ቀን እንዳይከመር፤ ዕቃውን ሳናጥብ አንወጣም፣ ቡናውን የሚያፈላው እንግዳ ነው፣ የቤቱ እመቤት አትነሳም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ይህ ሁሉ ለሱ እንደማይሠራ ተናገረ፤ ቀን ተኝቶ የሚመጣበትን ሰው ማስተናገድ አይችልም፣ ቢያዝንም ብቻውን መሆን ይፈልጋል። ሁለት ሦስቶቻችን ሐዘን ሲደርስበት እንዲህ አይልም ብለን ተከራከርነው። እሱ ግን በቃሉ ጸና። እስካሁን አልተስማማንም፤ የሚቀጥለው ወር ስንገናኝ እንደገና እናነሳዋለን።